የምንዛሪው ጣጣ በማን ትከሻ ላይ ይሁን?

ከሌላ አገር ባለሙያ በኮንትራት ለሚያሠሩ አነስተኛ ድርጅቶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አረፈዳችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ምንዛሪ ነው። የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት በሌላ አገር የሚኖር አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ቀጠረ። ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ገቢያችን በዶላር ነው። ልጁን የምንከፍለው ግን በአገሩ ገንዘብ ነበር። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔው ነኝ። በየወሩ ያው ቁጥር ይላካል፣ ውሉም አጭር ይሆናል፣ ማንም አይደናገርም ብዬ ነው።

አንድ ቀን የዚያ አገር ማዕከላዊ ባንክ አስሮ የያዘውን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ለቀቀው። በወሩ መጨረሻ የወጪ ሠንጠረዡን ስከፍት የልጁ ክፍያ በዶላር ሲሰላ በሲሶ ቀንሷል። ደስ አለኝ። ለአለቃዬም "ወጪ ቀነሰልን" ብዬ ጻፍኩለት። ልጁ ወሩን እንዴት እንደሚዘልቅ ግን አልጠየቅኩም።

ከሦስት ወር በኋላ የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለቀቀ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አላማረረም። "ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እነሱ በዶላር ይከፍሉኛል" ብቻ ነው ያለው። እሱን የሚተካ ሰው ፈልገን፣ ሥራውን አስለምደን፣ የቆመውን ነገር መልሰን እስክናስኬድ ያወጣነው ገንዘብ፣ በሦስቱ ወር ተረፈን ካልነው በብዙ ይበልጥ ነበር።

ስለዚያ ልጅ ብዙ አስቤያለሁ። በወረቀት ላይ ስጋቱ የኛ ነበር። የእሱ አገር ገንዘብ ቢጠነክር ብዙ ዶላር የምናወጣው እኛ ነን። እሱ በየወሩ ያው ቁጥር ይገባለታል። ነገር ግን የአንድ አገር ገንዘብ ሲወርድ የዕቃ ዋጋ ተከትሎ ይወጣል። ከውጭ የሚገባው ወዲያው፣ ሌላው ቀስ እያለ። ቁጥሩ እዚያው ቆሞ የመግዛት አቅሙ ከሥሩ ተሸረሸረ። ጣጣው ከኛ ወደ እሱ ዞረ ማለት ነው። ውላችን ላይ ግን ስለዚህ አንዲት መስመር አልነበረችም።

የምንዛሪ ስጋት እጅ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። "ውሉ በምን ገንዘብ ይሁን?" ብለን ስንጠይቅ "ጣጣው በማን ትከሻ ላይ ይሁን?" ብለን መጠየቃችን ነው። ይህን ሳንነጋገር ከተፈራረምን፣ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው የመሸከም አቅም በሌለው ሰው ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እስከ ጁን 2023 ድረስ በናይጄሪያ ይፋዊ ገበያ አንድ ዶላር 470 ናይራ ገደማ ነበር። ጁን 14 ቀን ማዕከላዊ ባንኩ የተለያዩትን የምንዛሪ መስኮቶች አንድ አደረገና ተመኑን ለገበያ ተወው። በዚያው ዕለት 660 አካባቢ ደረሰ። በ2024 ደግሞ 1,500 ገደማ የተመነዘረበት ጊዜ ነበር። አሁን በወር 470,000 ናይራ የሚከፈለው አንድ ባለሙያ አስቡ። በይፋዊው ተመን ክፍያው 1,000 ዶላር ነበር። በአንድ ቀን 710 ገደማ ሆነ። ከዚያ 310 ገደማ። ይህ ሰው ላፕቶፑ ቢበላሽ የሚገዛው በዶላር ዋጋ ነው። ለሥራው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር የወር ክፍያውም በዶላር ነው። የሚሠራው ግን ለእናንተ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲቆም የሚቆመው የናንተ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ ቀን በፊትም በትይዩ ገበያው ናይራ ከ470 ርቆ ሄዶ ነበር። ሁለት ተመን ባለበት አገር "በዕለቱ ተመን ይከፈላል" ብሎ መጻፍ ጠብ መጥራት ነው። የትኛው ተመን? የማን? በስንት ሰዓት? ወደዚህ እመለሳለሁ።

ብዙ ሰው "እዚያ አገር ምንዛሪው የተረጋጋ ነው፣ ለዓመታት አልተንቀሳቀሰም" ይለኛል። በጣም የምፈራው ይህን ዓይነቱን ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚዋዥቅ ገንዘብ ቢያንስ ያስለምዳችኋል። ታስሮ የተያዘ ገንዘብ ግን እስኪፈታ ድረስ ጸጥ ይላል። የግብፅ ፓውንድ ከማርች 2022 በፊት ለረጅም ጊዜ 15.7 አካባቢ ላይ ቆሞ ነበር። በተከታታይ ከወረደ በኋላ 31 አካባቢ ላይ ደግሞ ረጋ። ማርች 6 ቀን 2024 በአንድ ቀን ወደ 50 ገደማ ሄደ።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ በሴፕቴምበር 2011 አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም አለ። ከሦስት ዓመት በላይ ቃሉን ጠበቀ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ጠዋት ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ተወው። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። ገቢው በዩሮ የሆነ ድርጅት እዚያ ላለ ባለሙያ በወር 6,000 ፍራንክ ሊከፍል ተዋውሎ ከነበረ፣ ጠዋት 5,000 ዩሮ የነበረው ወጪው ከምሳ በፊት ወደ 6,000 ዩሮ ተጠግቷል። ማንም ሥራ አላበዛበትም፣ ማንም ጭማሪ አልጠየቀውም።

የመቶኛ ሒሳብም ያሳስታል። አንድ ገንዘብ ዋጋውን በ30 በመቶ ካጣ፣ በዚያ ገንዘብ ገቢ ለሚያገኝ ሰው ዶላር የሚወደድበት በ30 በመቶ አይደለም፤ በ43 በመቶ ገደማ ነው። በግማሽ ከወረደ ደግሞ ዶላሩ እጥፍ ይሆንበታል። ገቢያችሁ ደካማ በሆነ ገንዘብ ሆኖ ወጪያችሁ በዶላር ከሆነ በጀት ስትይዙ ይህን አስታውሱ።

አሁን ደግሞ የማያስፈሩ የሚባሉትን ሁለት ገንዘቦች፣ ዶላርንና ዩሮን ይዘን አንድ ኢንቮይስ፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ፣ እንክፈት። ገቢያችሁ ዶላር ነው። ዲዛይነሯ በወር 2,000 ዩሮ ትጠይቃለች። ውሉን የፈረማችሁት በጃንዋሪ 2025 ነው እንበል። ያኔ ዩሮ 1.03 ዶላር አካባቢ ነበር፤ 2,060 ዶላር ብላችሁ በጀት ያዛችሁ። በጁን መጨረሻ ዩሮ ከ1.17 አለፈ። ያው ኢንቮይስ፣ ያው ሥራ፣ 2,340 ዶላር። በወር 280 ዶላር ጨመረ። እንዲህ ያሉ አሥር ሰዎች ካሏችሁ 2,800 ዶላር ነው። አንድ ተጨማሪ ሰው ልትቀጥሩበት የምትችሉት ገንዘብ በየወሩ ሄደ ማለት ነው። ይህ በዓለም ላይ ብዙ ከሚገበያዩት ገንዘቦች መካከል የሆነ ነው፤ ቀውስም አልነበረም።

የሒሳብ ሠራተኞች እዚህ ካላችሁ የምለውን ታውቁታላችሁ። ስጋቱ የሚሮጥባቸው ሁለት ሰዓቶች አሉ። የመጀመሪያው ውል ከተፈረመበት ቀን ኢንቮይሱ እስከሚመጣበት ድረስ ነው። ሁለተኛው ኢንቮይሱ ከመጣበት እስከሚከፈልበት ድረስ ነው። ስለ መጀመሪያው ትንሽ እናስባለን። ሁለተኛውን እንረሳዋለን። "በ60 ቀን ውስጥ ይከፈላል" የሚል ውል ሥራው ካለቀ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንደኛውን ወገን ለምንዛሪ አጋልጦ ማስቀመጥ ነው። የገበያ መዋዠቅ በጊዜ ልክ አያድግም። ጊዜው አራት እጥፍ ሲረዝም የተለመደው መዋዠቅ እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ የ60 ቀኑን ወደ 15 ቀን ብታወርዱት በዚያ መስኮት ያለውን ስጋት በግማሽ ቀነሳችሁት። ባንክ መሄድ አያስፈልግም፣ ፎርም መሙላትም የለም። ቶሎ መክፈል ብቻ ነው። እኔ ከማውቃቸው መፍትሔዎች ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ሰውም ያስደስታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ገቢና ወጪን ማጣመር ነው። በዩሮ የሚከፍል ደንበኛ ካላችሁ ዩሮውን ወደ ዶላር አትመንዝሩት። የዩሮ ሒሳብ ክፈቱና በዩሮ ለሚከፈለው ሰው ከዚያው ክፈሉ። ብዙ ድርጅት ጠዋት ዩሮ ሸጦ ከሰዓት በኋላ ዩሮ ይገዛል። በሁለቱም መንገድ ባንኩ የመግዣና የመሸጫ ልዩነቱን ይወስዳል። ስለ ክፍያ ወጪ ካነሳን አይቀር፣ "ኮሚሽን የለንም" የሚል አገልግሎት ትርፉን የሚያገኘው ከተመኑ ነው። የሚሰጧችሁን ተመን በዚያች ደቂቃ ካለው የገበያ አማካይ ተመን፣ ማለትም በመግዣውና በመሸጫው መካከል ካለው፣ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ እውነተኛው ክፍያችሁ ነው። በመንገድ ላይ ያሉ ባንኮች የሚቆርጡትንም ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ ጻፉ። 2,000 ተልኮ 1,965 ሲደርስ የሚቆጣው ሰው ትክክል ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ልቤ ያለው እዚህ ነው።

"በየትኛው ገንዘብ?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። "ሁሉንም በዶላር ክፈሉ" የሚሉ አሉ። ዶላር ለብዙ ሰው መልካም ነው። ነገር ግን በአንዳንድ አገሮች ከውጭ የሚገባ ገንዘብ ሰውየው እጅ ሳይደርስ በይፋዊው ተመን እንዲመነዘር ሕጉ ያስገድዳል። የላካችሁት ዶላር ነው፤ የደረሰው ግን የአገሩ ገንዘብ ነው። ደግሞም የአንዳንዱ ሰው አገር ገንዘብ ከዶላር አንጻር ሊጠነክር ይችላል። ያኔ የዶላር ክፍያው በአገሩ ሲመነዘር ይቀንሳል። በ2025 መጀመሪያ በዶላር የተዋዋሉ፣ ወጪያቸው በዩሮ የሆነ ባለሙያዎች በስድስት ወር ውስጥ ክፍያቸው በ12 በመቶ ገደማ ሲቀንስ አይተዋል። ስለዚህ መጠየቅ ነው። ኑሮህ በምን ገንዘብ ነው? ዕዳ አለብህ? በምን ገንዘብ? ገንዘቡ እጅህ ላይ የሚደርሰው በምን መልክ ነው?

ቀጥሎ ጣጣውን መካፈል ነው። አንድ አንቀጽ ላንብብላችሁ። የምንጠቀምበት ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል፦

"ወርሃዊ ክፍያው 2,000 ዩሮ ነው። መነሻ ተመኑ 1 ዩሮ በ1.10 ዶላር ነው። ለስሌቱ የሚወሰደው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ኢንቮይሱ በቀረበበት ቀን ያወጣው ተመን ነው፤ ያ ቀን ባንክ ዝግ ከሆነ ከዚያ በፊት የወጣው የመጨረሻው ይወሰዳል። ተመኑ ከመነሻው እስከ 5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ልዩነቱ የአሠሪው ነው። ከ5 በመቶ ያለፈውን ሁለቱ ወገኖች እኩል ይካፈላሉ። መነሻ ተመኑ በየስድስት ወሩ ይታደሳል።"

እናስላው። ዩሮ 1.21 ደረሰ፤ 10 በመቶ ወጣ። ወሰኑ 1.155 ላይ ነው። እስከዚያ ያለውን 110 ዶላር አሠሪው ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ያለው ሌላ 110 ዶላር ነው፤ 55 አሠሪው፣ 55 ባለሙያዋ። ስለዚህ አሠሪው 2,200 የነበረው ወጪው 2,365 ይሆናል። ባለሙያዋ እጅ የሚገባው 1,954.50 ዩሮ ገደማ ነው። ዩሮ ቢወርድ ደግሞ ከወሰኑ ያለፈው ትርፍ ለእሷም ይደርሳታል። ማንም አልተሰበረም። እሷ 45 ዩሮ ገደማ አጣች፣ እኛ 165 ዶላር ጨመርን፣ ሁለታችንም ከመፈረማችን በፊት ይህ ሊመጣ እንደሚችል አውቀን ነበር።

አንቀጹ ውስጥ ከመቶኛው ይልቅ ያቺን "ያወጣው ተመን" የምትለዋን መስመር ልብ በሉ። የተመኑን ምንጭ፣ ቀኑንና ቀኑ ዝግ ከሆነ የሚሆነውን ትናገራለች። ያየኋቸው ጭቅጭቆች አብዛኞቹ የተነሱት ከዚህ ነው። ሁለቱም ሰው ቅን ነው፤ አንዱ የሰኞን፣ ሌላው የዓርብን ተመን ይዟል። ሁለት ተመን ባለበት አገር ደግሞ የትኛው ገበያ እንደሚወሰድ በስሙ ካልተጠራ ውሉ ግማሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ፎርዋርድ ውልም ስለምትጠይቁኝ አሁኑኑ ልናገር። ፎርዋርድ ማለት ወደፊት በታወቀ ቀን የታወቀ መጠን ገንዘብ ዛሬ በተቆረጠ ተመን ለመግዛት ከባንክ ጋር መዋዋል ነው። ብዙ ሰው የፎርዋርድ ተመን ሲያይ "ባንኩ ይወጣል ብሎ ገምቷል" ይላል። ግምት አይደለም። የሁለቱ ገንዘቦች የወለድ ልዩነት ነው። አንድ ዶላር ዛሬ 100 የሆነበት አገር አለ እንበል። የዶላር ወለድ 5፣ የዚያ አገር ወለድ 15 በመቶ ነው። የአንድ ዓመት ፎርዋርዱ 109.5 ገደማ ይሆናል። 100ን በ1.15 አባዝታችሁ ለ1.05 አካፍሉት። ከዚያ የተለየ ቢሆን አንዱን ተበድሮ ሌላው ላይ እያስቀመጠ ያለ ድካም የሚያተርፍ ሰው ወዲያው ይመጣና ልዩነቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ወለዱ ከፍ ባለ ገንዘብ ገቢ እያገኛችሁ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ ፎርዋርዱ ከዛሬው ተመን ይወደድባችኋል። የእርግጠኝነት ዋጋ ነው፤ በጀት ውስጥ አስገቡት።

ፎርዋርድ ግዴታ ነው። ለዓመት 24,000 ዩሮ ቆርጣችሁ ሰውየው በአራተኛው ወር ቢለቅ ዩሮውን መግዛታችሁ አይቀርም። ለዚህ ነው እኔ ሙሉውን የማልቆርጠው። እርግጠኛ የሆንኩበትን የቅርቡን ሦስት ወር አብዛኛውን፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ግማሹን፣ ከዚያ ያለፈውን ተወት። በነፃ በማይገበያዩ ገንዘቦች ላይ ገንዘቡን ሳይረካከቡ ልዩነቱን ብቻ በዶላር የሚወራረዱበት ዓይነት አለ፤ ለትንሽ ድርጅት ግን መጠኑ ብዙ ጊዜ አይመጥንም። ኦፕሽን ደግሞ በተቆረጠ ተመን የመግዛት መብት እንጂ ግዴታ የሌለበት ውል ነው፤ እንደ ኢንሹራንስ ነው፤ ትከፍላላችሁ፣ ካልተጠቀማችሁበት ገንዘቡ ይሄዳል። ሦስትና አራት ሰው ለምታሠሩ፣ ከእነዚህ ሁሉ በፊት ቶሎ መክፈልና ጥሩ አንቀጽ መጻፍ ይሻላችኋል።

በስቴብልኮይን፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር እኩል እንዲሆን በተሠራ ዲጂታል ገንዘብ፣ ክፈሉን የሚሉም እየበዙ ነው። በምክንያት ነው የሚጠይቁት፤ ባንካቸው ያስቸግራቸዋል። ሕጉ በሁለቱም አገር የሚፈቅድ ከሆነ አማራጭ ነው። ነገር ግን ከዶላር እኩል ነው የተባለው ሁሉ ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። በማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ፣ ዩኤስዲሲ የተባለው ስቴብልኮይን ከመጠባበቂያው 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያ ባንክ ውስጥ ስለነበረ ቅዳሜ ዕለት ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። ሰኞ ተመለሰ። ቅዳሜ ደመወዙን መንዝሮ ኪራይ የከፈለ ሰው ግን ልዩነቱን ከኪሱ ሸፍኗል። በዚህ መንገድ ከከፈላችሁ፣ ከላካችሁ በኋላ ቢወርድ ማን እንደሚሸከመው ይጻፍ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምቃወመው አለ። "ዩሮ ሊወርድ ነው፣ ክፍያውን ሁለት ሳምንት እንያዘው" የሚለውን። የሰው ደመወዝ ይዞ በገበያ ላይ መወራረድ ነው። ባይወርድ ኪሳራው የናንተ ነው። ቢወርድም ያተረፋችሁት ሰው ሠርቶ ሲጠብቅ ነው።

ከዚያ ልጅ በኋላ የቀጠርናት ባለሙያ ሌላ አገር ነው የምትኖረው። የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት ኑሮዋ በምን ገንዘብ እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለች። የቤት ኪራይዋና የኢንተርኔት ክፍያዋ በአገሯ ገንዘብ ነው። ወንድሟን ግን በውጭ አገር ታስተምራለች፣ የትምህርት ክፍያው በዶላር ነው። 60 በመቶውን በዶላር፣ 40 በመቶውን በአገሯ ገንዘብ አደረግነው። የአገሯ ገንዘብ ከመነሻው ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ በዚያ ወር የ40 በመቶው ቁጥር እንደገና እንዲሰላ ተስማማን።

ረቂቁን ስልክላት አንድ ነገር ብቻ አስተካከለች። እኛ በየወሩ በ30 ይከፈላል ብለን ነበር። ኪራይዋ የሚከፈለው በ1 ስለሆነና ገንዘቡ ባንክ ለባንክ ሲዞር ሦስት ቀን ስለሚወስድ 25 ይሁንልኝ አለች። አደረግነው። እስካሁን ተመኑ ሁለት ጊዜ ወሰኑን አልፏል። ሁለቱንም ጊዜ ሠንጠረዡን ከፍተን በስልክ አብረን አሰላነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ በ25 ተላከላት።